ጃልደሳ ያልተናገሩት ተራ

አቶ ጃልደሳ በሞያሌ፣ ሄሉ ሰፈር ወዳለችው ትንሽ ሱቅ ጎራ ያሉት ስልካቸውን ቻርጅ ሊያስደርጉ እንጂ ክርክር ሊገጥሙ አልነበረም። ነገር ግን ከባንኮኒው ኋላ ያገኟት አስካለን ነበር።

አስካለ፣ ወላጆቿ በስደት መጥተው ሞያሌ የቀሩ፣ ናይሮቢ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። የኡራን መንደር የውሃ ኮሚቴ ከብት የማጠጣቱን ተራ በስልክ የሚያሳውቅ ፕሮግራም እንድትጽፍ ጠይቋታል። ሕጉን ጠንቅቀው የሚያውቁት ደግሞ ጃልደሳ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኤላው፣ የዚያ የጥልቁ ጉድጓድ፣ ተራ አስከባሪ ሆነው ኖረዋል። ጉልበታቸው ከድቷቸው ከተማ ከተቀመጡ ወዲህ ግን የኡራን ወጣቶች ባለፈው በጋ በተራ ተጣልተው በዱላ ተፈነካከቱ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቷቸው ሕጉን ለአስካለ በቃል ነገሯት። እሺታቸውን ግን ገና አልሰጡም፤ ያለ እሳቸው እሺታ ደግሞ ኮሚቴው ፕሮግራሙን ንክች አያደርገውም።

«እስቲ አሳዪኝ፤ የኔ ቃል የታለ?» አሉ ስልካቸውን ሰክተው በርጩማው ላይ እየተቀመጡ።

አስካለ ላፕቶፑን አዞረችላቸው። «ይኸውልዎ አባባ። ይህን ጽሑፍ ሰው አንብቦ ይረዳዋል፤ ስልኩ ግን እንዲህ እንዳለ አይገባውም።»

«ታዲያ ለማይገባው ምን አስለፈለፈኝ?»

«አስተርጓሚ አለዋ! ኮምፓይለር ይባላል። የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ጉድለት ካገኘ አላሳልፍም ይላል። ካላገኘ ወደ አጫጭር ትእዛዞች ይለውጠዋል፤ ባይትኮድ የምንለው እሱን ነው። እርስዎ ኤላው አፍ ላይ ቆመው ሕጉን በሰፊው ሲናገሩ፣ ከታች ያሉት ቀጂዎች የሚሰሙት ‹ቅዳ፣ አቀብል› ብቻ አይደል?»

«እሱስ ልክ ነው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ማን ወግ ይሰማል?»

«ይኸውም እንደዚያው ነው። ስልኮች አሠራራቸው ይለያያል፤ ግን በየስልኩ ውስጥ ባይትኮዱን ተቀብሎ የሚያስፈጽም ሌላ ፕሮግራም አለ። ስለዚህ አንዴ የተተረጎመው ኡራንም፣ ጎረቤት መንደር ዳበልም ይሠራል።»

«ሃፓና፣ በፍጹም!» አሉ ጃልደሳ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ። «ፈረንጅ የሠራው ነገር የኛን ሕግ ከየት ያውቀዋል? ሕግ ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ነው የሚሄደው።»

«አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው የጎደለውን መጠየቅ ነው» ብላ ቁልፉን ተጫነች። ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ።

ሽማግሌው በደስታ ጉልበታቸውን መቱ። «አላልኩሽም? እምቢ አለሽ!»

«አዎ፣ እምቢ ብሏል» አለች አስካለ እያነበበች። «ጉድጓዱን ያስቆፈረው ቢመጣ መልስ አለው፤ የጎሳው ሰው ቢመጣ መልስ አለው። ‹ከነዚህ ያልሆነ ቢመጣስ ምን ልበል?› ነው የሚለው። እርስዎ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።»

ጃልደሳ ክው አሉ። መንገደኛማ ይቀድማል! ማንም ይሁን ማን፣ ጭነት የተሸከመ እንስሳው ከሁሉ በፊት ይጠጣል። ኤላ ዳር ያደገ ሰው ይህን አይናገረውም፤ ማን ይዘነጋዋል ብሎ? ባለፈው በጋ ዱላ ያማዘዘውም ይኸው ነበር። ከዳበል የመጣ መንገደኛ ግመሉን ወደፊት ቢያስጠጋ፣ ወጣቶቹ «ተራህ አይደለም» አሉት። ለካ ማንም አልነገራቸውም።

«አባቴ ሥራውን ሲያስረክበኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። «በይ ልጄ፣ ጻፊ። መንገደኛ ይቅደም።»

ጻፈች፤ ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ወዲያው ወደ ኡራን ላከችው። ብዙም ሳይቆይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጎሊቻ ደወለ። «መንገደኛ ነኝ ብዬ ሞከርኩት፤ ‹ቅደም› አለኝ! አባባ ጃልደሳ እዚህ ያሉ መሰለኝ።»

የሽማግሌው ደረት በኩራት ተነፋ። «እሺ ብያለሁ በይው! ከእንግዲህ ከብት ነድቶ በከንቱ የሚመጣ አይኖርም፤ ልጆቹም ባልሰሙት ሕግ አይፈነካከቱም። ትምህርት የአባቶችን ቃል የሚያጠፋ መስሎኝ ነበር። ያልተናገርነውን እንኳ አናገረን እኮ!»

በዚህ መሃል አቧራ የለበሰ የሎሪ ተሳፋሪ የሞተ ስልኩን ይዞ ገባ፤ የቻርጅ መሰኪያዎቹ ሁሉ ተይዘዋል። ጃልደሳ የማያውቁትን ሰው ከላይ እስከ ታች አዩትና የራሳቸውን ስልክ ነቀሉ።

«መንገደኛ ነህ አይደል?» አሉት ኮራ ብለው። «ቅደም።»