የጋሽ ካፒቴን አራት ሰከንድ

ውድ ቤተሰቦች፣ ወዳጆችና ጎረቤቶች፤ ይህን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ለአርባ ዓመት ያህልም አንድ ማይክሮፎን ከእርሳቸው ጋር እየተሻማሁ የኖርኩ ባልደረባቸው ነኝ። ዕድሜ ልኬን አንተ ስላቸው ኖሬ ዛሬ በሰው ፊት አንቱ ስላቸው ከተኙበት ሆነው የሚስቁብኝ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ክብራቸው ነውና እንደምንም እወጣዋለሁ።

ከተማው በሙሉ ጋሽ ካፒቴን እያለ የሚጠራቸው ወንድሜ፣ ከቀለም ቀቢው አባታችንና በጽሕፈት መኪና ከምትተዳደረው እናታችን የዛሬ ሰባ አራት ዓመት፣ ከሰዓት ጠጋኝ ሱቅ በላይ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታችን ከሥራ የተረፈውን ቀለም ሁሉ ቤት እያመጣ ስለሚጨርሰው አንዱ ግድግዳ አረንጓዴ፣ ሌላው ሮዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ሰማያዊ ነበር፤ ወንድሜም ያቺን ግማሽ ሰማይ እያዩ አደጉ።

ትምህርት ቤት ገብተው ጎበዝ ተማሪ ቢሆኑም ሳቃቸውን መቆጣጠር አይችሉም ነበር። የፊዚክስ መምህራቸው ጠመኔ በሰበሩ ቁጥር ስለሚስቁ ከክፍል ይባረራሉ፤ ውጭ ቆመው በመስኮት ትምህርቱን ይከታተሉና በፈተና ከክፍሉ አንደኛ ይወጣሉ፤ መምህሩም ውጤቱን ሲሰጧቸው እጃቸው እየከበዳቸው ነበር። ከዚያም የኤሌክትሪክ ሙያ ተምረው ጥቂት ጊዜ በሬዲዮ ጥገና ከሠሩ በኋላ፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በከተማችን ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የተጀመረው በብልሽት ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ጠፈር ጉዞ የሚያወራ አንድ ያረጀ፣ በጥቂት ብር የተሠራ ፊልም እየታየ ሳለ ድምፁ ድንገት ጸጥ አለ፤ ተመልካቹም ማፏጨትና ወንበር መደብደብ ሲጀምር ወንድሜ ከማሽኑ ክፍል ወርደው፣ የማስታወቂያውን ማይክሮፎን ይዘው በሸራው ጎን ቆሙ። በዚያች ቅጽበት የመንኮራኩሯ ካፒቴን መሪ ብሎ የሚያሽከረክረው ነገር የተራ ሬዲዮ ቁልፍ መሆኑን፣ ሬዲዮ ሲጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸውና፣ አወቁት። ድምፃቸውን አወፍረው፣ በካፒቴኑ አፍ፣ “ይቅርታ፣ ይቺ መንኮራኩር ገና አላለቀችም፤ ማክሰኞ መጥታችሁ ውሰዱ” አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊያባርሯቸው ቆርጠው የመጡት የሲኒማ ቤቱ ባለቤትም በሚቀጥለው እሑድ “የሚያወራው ካፒቴን መቼ ነው?” የሚለውን የሰው ሰልፍ ሲያዩ ሐሳባቸውን ዋጡት።

ከዚያ ወዲህ ማንም የማይፈልጋቸው ያረጁ የጠፈር ፊልሞች ከየመጋዘኑ እየተለቀሙ መጡ፤ እኔም ተጨመርኩና ከሸራው በስተግራ ሁለት ወንበር ተደረገልን። የተገለበጠ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በክር ተንጠልጥሎ ኮከብ ለኮከብ ሲዞር አየን፤ ሰው አልባ በተባለች ፕላኔት ላይ ከድንጋዩ ጀርባ አውቶቡስ ተሳፋሪ ጭኖ ሲያልፍ አየን፤ በመንኮራኩር መስኮት ላይ አበባ ያለበት መጋረጃም አየን። እኔ የምቀልደው ለማሳቅ ነበር። ወንድሜ ግን እነዚያን ፊልሞች ከልባቸው ይወዷቸው ነበር፤ ሳፋ አንሥቶ መንኮራኩር ነው ብሎ የሚነሣ ሰው ድፍረቱ ያስቀናኛል ሲሉም ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የምናስቅበት ፊልም እዚሁ እኛ ከተማ ውስጥ የተሠራ ነበር። ከሌላ ዓለም የመጣ ባለ ቅርፊት ንጉሥ ከተማውን ሲያሸብር ጀርባው ላይ ያለው ዚፕ ተከፍቶ ይታያል፤ ወንድሜም ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ “ጃንሆይ፣ ኧረ ጀርባዎን ይዝጉ፣ ብርድ ይመታዎታል!” ይሉና ሕዝቡ ከወንበሩ ይወድቃል። አንድ እሑድ ታዲያ፣ ነጭ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከሆስፒታል የመጣች አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ ከመሐል ተነሣች። “ያንን ልብስ የሰፋው አባቴ ነው። ጨርቁ አልበቃ ብሎት ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም” አለችና ተቀመጠች። ወንድሜ ማይክሮፎኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ፊልሙ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ እኔም እንድናገር አልፈቀዱልኝም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ሽማግሌው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ አዳምጠው፣ “እኔም ሳየው ስቄያለሁ ልጄ፤ ብቻ ከሳቅህ በኋላ ማን እንደሰፋው ጠይቅ” አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራል፣ ሰው ሁሉ ይቆማል፣ በፊልሙ የሠሩት ሰዎችም ስም አንድ በአንድ ይነበባል። ስማቸው ሸራው ላይ ያልተጻፈውን፣ ሳፋውን ያንጠለጠለውን፣ መጋረጃውን ያዋሰችውን ጭምር ወንድሜ አፈላልገው ይጨምሩ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ይህም ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ በኋላ ግን ስሙ ተነቦ ሳያልቅ የሚወጣ ሰው ጠፋ።

ይቅርታ ሊጠይቁ የሄዱበትን ሱቅ ወንድሜ አዘወተሩት፤ አንድ ኮት ለማሰፋት አሥራ አንድ ጊዜ ተለኩ፤ በሠላሳ ዓመታቸውም አዋላጇን አገቡ። ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ባለቤታቸው በዚያ ፊልም ውስጥ ራሳቸውም እንዳሉበት ነገሯቸው። በስድስት ዓመታቸው፣ ሕዝቡ ከንጉሡ ሲሸሽ አብረው እንዲሮጡ ተደርገው ነበር፤ ነገር ግን በጭምብሉ ውስጥ ያለው ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው መሆኑን ስለሚያውቁ መፍራት አቃታቸው፤ ቆመው ሳቁ። ደግሞ ለመቅረጽ ትርፍ ጥሬ ፊልም ስላልነበረ እንደዚያው ቀረ፤ አራት ሰከንድ ነው። እርሳቸው ግን ያን እሑድ ሲመጡ እንኳ ያ ቦታ ስላልታየ፣ ራሳቸውን አይተው አያውቁም ነበርና፣ “እስቲ ራሴን አሳየኝ” አሉ።

ሊያሳዩአቸው አልቻሉም። የሚሮጠው ሕዝብ ረዝሞ ቀልዳችንን ስላቀዘቀዘብን ያ ቦታ ተቆርጦ ወጥቷል። ወንድሜ ለባለቤታቸው “እኔ ነኝ የቆረጥኩት” ብለው ነገሯቸው፤ እስኪሞቱም ድረስ ቃላቸውን አልቀየሩም። እውነቱ ግን ፊልሙ በተቆረጠ ቀን ወንድሜ ጉንፋን ይዟቸው ቤት ተኝተው ነበር። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ለልጆቻቸው ዛሬ ገና ነው የምናገረው፤ በእኔ ፈንታ አርባ አራት ዓመት ተወቅሰዋል።

ከዚያ በኋላ ያቺን አራት ሰከንድ ያልፈለጉበት ቦታ የለም። ለየፊልም መጋዘኑ፣ ለየሰብሳቢው ደብዳቤ ጻፉ፣ በዕረፍት ጊዜያቸውም ከተማ ለከተማ እየዞሩ የፊልም ቆርቆሮ ከፈቱ። ስማቸው የታወቀው በቀልድ ነውና የምራቸውን መሆኑን የሚያምናቸው አጡ፤ አንዱ ሰብሳቢ እንዲያውም በፖስታ የተከፈተ ዚፕ ልኮላቸዋል። ሁለት ልጆች ወልደው አሳደጉ፣ ቤታቸው የሳቅ ቤት ነበር፤ ነገር ግን ያንን ፊልም ባሳየን ቁጥር፣ ሕዝቡ ሊሮጥ ሲል ወንድሜ ወደ ሸራው አንገታቸውን ሲያሰግጉ፣ ከዚያም ቁርጡ ዘልሎ ባዶው መንገድ ሲመጣ መልሰው ሲቀመጡ አጠገባቸው ሆኜ አያለሁ። ባለቤታቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ራሳቸውን ሳያዩ አረፉ። ወንድሜም ሁለተኛ ማይክሮፎን አልያዙም፤ ማታ ማታ ሻይ ሲቀዱ ግን ሁለት ብርጭቆ ማቅረባቸውን አልተዉም። በቀልድ ሊሸፍኑት ሞክረው ያልቻሉት ናፍቆት ይህ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ወንድሜ በሳንባ ሕመም ሆስፒታል በተኙ በሁለተኛው ወር ሲኒማ ቤቱ ሊፈርስ ነው ተባለና ልሰናበተው ሄድኩ። ማሽኑ ክፍል ገብቼ መስኮቱን ስነካ ትዝ አለኝ። መስኮቱ ነፋስ እያስገባ ሲንኳኳ አዳራሹ ድረስ እየተሰማ ድምፃችንን ስለሚረብሸው፣ የተቆረጠ ፊልም እየጠቀለልን ክፍተቱን እንወትፍበት ነበር። በጠመንጃ መፍቻ ፈልቅቄ አወጣሁት። ከጥቅሎቹ በአንዱ ውስጠኛ ክፍል፣ ብርሃን ሳያገኘው፣ ክንድ ተኩል የማትሞላ ቁራጭ አገኘሁ፤ ወደ መብራት ብይዛት አንዲት ልጅ ቆማ ትስቃለች። ወንድሜ አገር ላገር የዞሩላት ነገር በገዛ ማሽን ክፍላቸው መስኮት ላይ ነፋስ ስትከላከልላቸው ኖራለች።

ጫፍና ጫፏን አጣብቄ እንደ ቀለበት አደረግኋትና ትንሿን የፊልም ማሽን ተሸክሜ ሆስፒታል ገባሁ። ነርሷ መጋረጃውን ጋረደችልን። የት እንደተገኘች ስነግራቸው ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ፤ ከዚያ ነጩ ግድግዳ ላይ ሕዝቡ መሮጥ ጀመረ፣ በመሐሉም ያቺ የስድስት ዓመት ልጅ ቆማ ወደ እኛ እያየች ሳቀች፤ አለቀ፤ እንደገና ጀመረ። ሌላው ሁሉ ይሮጣል፣ እሷ ትቆማለች። እኔም እንደ ልማዴ ወንድሜ አንድ ነገር ጣል እስኪያደርጉ ጠበቅኩ። ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያ በወፍራሙ በካፒቴኑ ድምፅ፣ “እዚያው ቆዪ፤ መጣሁ” አሉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አረፉ።

አሁን እንደ ደንባቸው ሁላችሁም እንድትቆሙና ስሙ ተነቦ እስኪያልቅ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ጋሽ ካፒቴን ትተው የሄዱት፦ ጠመኔ ስትሰብር ተማሪ ቢስቅባት የማትቆጣውን የፊዚክስ መምህርት ልጃቸውን፤ አሳንሰር ጠጋኙን ወንድ ልጃቸውን፤ ከልብስ ሰፊው የወረሱትን የንጉሡን የቅርፊት ልብስ ተራ በተራ ለብሰው ሳሎን ውስጥ የሚሯሯጡትን ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፤ መጋረጃ የጋረደችልንን ነርስ፤ እሑድ እሑድ ከወንበር ይወድቁ የነበሩትን እናንተን ሁሉ፤ በመጨረሻም ፊልሙን የቆረጥኩትን እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ነው።

ፈጣሪ ለእኛ መጽናናትን ይስጠን፤ የወንድሜንም ነፍስ፣ ሰው ሁሉ ሲሮጥ ያቺ ልጅ ቆማ በምትጠብቅበት ቦታ ያሳርፍልን።