ብዙ ጸሐፊ ለአንድ ደም መጣጭ

ምዕራብ ዓባያ የሙዝ ዋጋ ስከራከር ውዬ በሚኒባስ ወደ አርባ ምንጭ እመለሳለሁ። ከፊቴ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጽሐፍ ታነባለች። መንገድ ላይ ላንቴ ከምትባል መንደር የተሳፈሩ አንዲት እናት አጠገቧ ተቀመጡና የሽፋኑን ሥዕል አዩ።

«ይኼ ልጅ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የገረጣው?»

«ደም መጣጭ ነው፣ እማማ። በልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ተማሪ ይወዳል።»

«ደሟን ይጠጣዋል?»

«አይ፣ ስለሚወዳት አይነካትም።»

«ታዲያ ምኑን ደም መጣጭ ሆነ?»

«የልጁ ታሪክ ያለው ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ይኼኛው፣ ያንን ያነበቡ ብዙ ደራሲዎች ስለ ልጁ የጻፉት ነው።»

«ስለሌለ ሰው? ይኼ ሁሉ ሰው?»

«አዎ። ልጁ በመስኮት ገብቶ፣ የሚወዳት ልጅ ተኝታ ሲያያት ያድራል። አንዷ ደራሲ ‹ይኼ ፍቅር ነው› ትላለች፤ ሌላዋ ‹ይኼስ ያስፈራል› ትላለች።»

እናትየዋ የሽፋኑን ሥዕል ደግመው አዩ።

«ለልጄ ሽማግሌ የላከ ጎረምሳ አለ። በየቀኑ አጥራችን ሥር ይቆማል። እሷ ‹ወዶኝ ነው› ትላለች፤ እኔን ደስ አይለኝም። ቅዳሜ መልስ እንሰጣለን።»

«ውይ፣ እማማ!»

«ከደራሲዎቹ በመጨረሻ የትኛዋ ረታች?»

«ማንም አልረታም። እንዲሁ ነው የሚያልቀው።»

«እሺ፣ ከነሱ ውስጥ ሴት ልጅ ያላት የቷ ናት? የሷን አንብቢልኝ።»

ተማሪዋ መጽሐፉን ገለበጠች፣ ጀርባውን አየች፣ መልሳ ከፈተችው።

«እሱን አልጻፉም» አለች።

ሁለት ሴት ልጆች አሉኝና፣ እኔም አንገቴን አስግጌ የመጽሐፉን ጀርባ አየሁ።