መረቡ ገና ባሕር ውስጥ ነው

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አባባ ዮቴባ ባሕሩ ዳር ተቀምጠው ከመረባቸው ዓሣ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የወንድማቸው ልጅ ቴሬቲያ አብራቸው ነበረች። እሷ በዋና ከተማችን በታራዋ የነገረ መለኮት ትምህርት ስትከታተል ቆይታ ለዕረፍት ወደ ደሴታችን ወደ አባያንግ የመጣች ናት። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ይከራከራሉ፤ ግን ሽማግሌው ያለ እሷ ምሳ አይጥማቸውም።

የዕለቱ ክርክር ስለ ቢሪቦ ነበር። ይህ ጎልማሳ የኮኮናት ጠጅ ጠጥቶ የመንደሩን ትልቅ ታንኳ ከድንጋይ ጋር አላትሞ ሰብሮታል። አባባ ዮቴባም የፊታችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ሊያስወጡት ቆርጠዋል። እኛ ዘንድ ከማኅበር የወጣ ሰው በመንደሩ አዳራሽ መቀመጫ ያጣል፤ መቀመጫ ያጣ ደግሞ ቤተሰቡን ይዞ ደሴቱን ከመልቀቅ ሌላ ምን ይቀረዋል?

ሽማግሌው አረፍ በል አሉኝና ወደ ነገራቸው ተመለሱ።

«ጌታ መንግሥተ ሰማያትን በመረብ መሰላት። መልካሙን ለቅመው አከማቹ፤ ክፉውን ወደ ውጭ ጣሉት። እኔ ምን ጨመርኩበት?»

«አልጨመሩም አጎቴ፤ ዘለሉ እንጂ» አለች ቴሬቲያ።

«በስተርጅና ማንበብ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተለቀመው መቼ ነው?»

«ሞልቶ ወደ ዳር ከወጣ በኋላ ነዋ።»

«የሚለዩትስ እነማን ናቸው?»

«መላእክት። በዓለም መጨረሻ።»

«እርስዎ መልአክ አለመሆንዎን ደግሞ አክስቴ ትመሰክራለች።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ልጅቷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መረቡ ውኃ ውስጥ ሳለ መጥፎውን ላውጣ ብለው እጃቸውን ሰደው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«አላበድኩም። መረቡ ይከፈትና ደህናውም ያመልጣል።»

«ቢሪቦ ሲወጣም ሚስቱና ልጆቹ አብረው ይወጣሉ።»

ሽማግሌው በዚህ አልተረቱም። ጥፋተኛ ዝም ከተባለ ነገ ሁሉም ይሰክራል፤ ተግሣጽ የሌለባት ቤተ ክርስቲያን ምን ትረባለች ሲሉ ሞገቱ። ይህም እውነት ስለሆነ ቴሬቲያ አልካደችም። ይገሠጽ፣ ታንኳውንም በገዛ እጁ ይጠግን፤ ምሳሌው ምክርንም ቅጣትንም አይከለክልም፤ የመጨረሻውን ፍርድ ብቻ ለባለቤቱ ይተዋል ስትል መለሰች።

«በዚህ ምሳሌ እኛ አጥማጆቹ አይደለንም አጎቴ። ዓሦቹ ነን። መረቡም ገና ባሕር ውስጥ ነው።»

አባባ ዮቴባ የያዙትን ዓሣ አስቀመጡ። ከዚያ በለሆሳስ፣ «ይህን ቃል ስንት ዘመን ሳስተምር፣ ራሴን አንድም ቀን ከዓሦቹ ጋር ቆጥሬ አላውቅም» አሉ።

ትልቅ ሰው ትልቅነቱ የሚታወቀው ይኼኔ ነው። እሑድን አልጠበቁም፤ ተነሥተው ወደ ቢሪቦ ቤት ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። ሚስቱ ለመሄድ ምንጣፎቿን እየጠቀለለች ታለቅስ ነበር። ሽማግሌው ጥቅሉ ላይ ቁጭ አሉበት።

«ይህ ካልተነጠፈልኝ አልነሣም» አሉ።

ቢሪቦ እግራቸው ላይ ወደቀ። እሳቸውም ደግፈው አነሡትና ጥፋቱን አንድ በአንድ ነገሩት፤ ታንኳውን ሲጠግን እንጨቱን አብረውት ሊጠርቡ ቃል ገቡለት። እሑድ ዕለት በማኅበሩ ፊት ሁሉንም አስታወቁ።

ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያናችን ምሳሌ ሲነበብ፣ «የሚያደርገው ማን ነው? መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑ ቀረ። ወጣቱ ይጠይቃል፣ ሽማግሌው ይሰማል፤ ጥፋተኛ ይክሳል እንጂ አይሰደድም። ታንኳውም ተጠግኖ ለመንደሩ ዓሣ ያመጣል። ቢሪቦ መጠጥን እርግፍ አድርጎ ትቷል ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ሲያዳልጠው እንደ ድሮው ከሽማግሌው አይሸሽም፤ ወደ ሽማግሌው ይሸሻል እንጂ።