የአራት ሰከንድ ክርክር

መርከቦቻችን ገና ነጭ በሚቀቡበት ዘመን፣ አዲሱ ክፍለ ዘመን በገባ በስድስተኛው ዓመት፣ በአንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ደብዳቤ መገልበጥ ነው፤ የተኩስ ልምምድ ሲሆን ግን የፊተኛው መድፍ ቤት ውስጥ፣ ሁለት መድፍ በያዘው የብረት ክፍል፣ ቆሜ ሰዓት እይዛለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፕሮቪንስታውን ወደብ ላይ ጀልባ ስጠብቅ፣ ሁለት የመርከባችን ሰዎች ባዶ የዓሣ በርሜል ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አንደኛው የዚያው መድፍ ቤት አለቃ ኦሪን ቲዝዴል ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ባሕር ላይ የኖሩ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ከመድፉ የማያንስ ሰው። ሰዎቻቸው በተኩስ ፍጥነት ከመላው የጦር መርከብ ጓድ ሁለት ዓመት ተከታትለው አንደኛ ወጥተዋል። ሁለተኛው ኤሚል ፎገልማን ነው፤ ዋሽንግተን ካለው የመድፍ ትምህርት ቤት ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ፣ የቀኙን መድፍ የኋላ መዝጊያ የሚከፍትና የሚዘጋ ወጣት።

"ና እስቲ ጸሐፊው፣ ዳኘን!" አሉኝ አለቃ። "ይህ ሊቅ ነገ በተኩስ ውድድሩ አንደኝነቴን ጠቅልሎ ለጎረቤት መርከብ ሊሸልምልኝ ነው።"

ነገሩን አውቀው ነበር። በዚያ በጋ በየመድፉ የአየር ቧንቧ ተገጥሟል። ከተኩስ በኋላ መዝጊያው ሲከፈት አየሩ የቀረውን ጋዝ በአፈሙዙ በኩል ገፍቶ ያስወጣል። መዝጊያ ከፋቹ ውስጡን አሻግሮ አይቶ ምንም ካልቀረ "ጠርቷል!" ብሎ ይጮኻል፤ እሱ ሳይጮኽ ባሩድ አይቀርብም። አለቃ ግን ኤሚልን መዝጊያው እንደተከፈተ ወዲያው እንዲጮኽ አዘውታል። ኤሚልም እምቢ ብሏል።

"ለመሆኑ አንተ ስንት ጊዜ ተኩሰህ ታውቃለህ?" አሉት።

"አርባ ጊዜ ያህል፣ አለቃ።"

"እኔ አርባውን የምተኩሰው ከቁርስ በፊት ነው! አንድ ጊዜ ገልመጥ ካደረግሁ ይበቃኛል። አራት ሰከንድ ቆሞ ማፍጠጥ ምን የሚሉት ነው? መድፍ ነው ወይስ ሙሽራ?"

ኤሚል ሳቀ፤ ነገር ግን አልለቀቀም። "በእርስዎ ጊዜ ባሩዱ ጥቁር ነበር። ጭሱ ይታያል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሰው ይጠነቀቃል። የዛሬው ባሩድ ጭሱ ትንሽ ነው፤ የሚቀረው ጋዝ አይታይም። ነገ ደግሞ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ነው የምንተኩሰው፤ ጋዙን መልሶ ወደ እኛ ይነዳዋል። ባሩዱ ከሚታሰርበት የሐር ከረጢት አንዲት የጋመች ቁራጭ ቀርታ ቢሆንስ? አዲሱን ባሩድ በእጃችን ይዘን እዚያው ነን።"

"ቢሆንስ፣ ቢሆንስ! ትምህርት ቤት ያስተማሩህ ይህንን ብቻ ነው?"

"እግራችን ሥር ያለውንም አስተምረውኛል። የባሩዱ ማንሻ ከቆምንበት ቀጥ ብሎ እስከ ታችኛው ባሩድ ክፍል ይወርዳል። በመካከሉ አንድ የብረት ክዳን እንኳ የለውም። ላይ የወደቀ እሳት ታች ለመድረስ ማንን ያስፈቅዳል?"

"መርከቤን ልትሰድብ ነው?"

"መርከቧን እንደ እርስዎ እኮራባታለሁ። አራት ኩንታል አረር ስድስት ማይል የምትወረውር መርከብ ናት፤ ማን ይሰድባታል? የነደፏት ሰዎች ፍጥነትን አስበው የማንሻውን ጉድጓድ ቀጥ አደረጉት። በሚቀጥሉት መርከቦች ማንሻውን ለሁለት ሊከፍሉት ነው ይባላል። በእኛ ላይ ግን ያ ክዳን እኔ ነኝ።"

አለቃ በርሜሉን በጡጫ መቱት። "እንግዲያው ሂድና ለመቶ አለቃው ንገርብኝ!"

"ብነግርብዎት ነገ ትእዛዙ ይከበራል። ከነገ ወዲያስ? ልጆቹ የሚሰሙት እርስዎን ነው። እርስዎ ካላመኑበት ማንም አያምንበትም።"

አለቃ ግን፣ "ስማ ልጄ፣ ትጉህ ነህ፣ አልጠላህም። ነገ ጠዋት በኔ አሠራር ካልጮኽክ ግን ቦታህን ለዱጋን እሰጠዋለሁ፤ አንተ ታች ወርደህ ድንች ትልጣለህ" አሉ።

ኤሚል ፊቱ ቀላ። "ድንቹን እልጣለሁ፣ አለቃ። ሳላይ ግን አልጮኽም።"

ከዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ዱጋን የታዘዘውን የሚያደርግ የዋህ ሰው ነው። እሱ ከቆመ በዚያ የብረት ቤት ውስጥ፣ ከታችም ባሩድ በሚያቀብሉት ጭምር፣ አርባ ያህል ሰው ሕይወቱን በአንድ ግልምጫ ላይ እንደሚጥል ገባኝ። ከአርባዎቹ አንዱ ሰዓት ያዡ ነው። "አለቃ፣ ዓይንዎን በሰዓቴ እንፈትነው" አልኩ።

"አሁኑኑ!" አሉ፤ ጀልባዋም ደረሰች።

የመድፉ ቤት በእሑድ ጸጥ ያለ ነው። የአፈሙዙን መክደኛ አወለቅን፤ መዝጊያውም ተከፈተ። አለቃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ደግሞ እንደ ፈቀድኩ፣ አንዳንዴ መዳፍ የምታህል የጠቆረች የሐር ቁራጭ በመጥረጊያው ዘንግ ገፍቼ መሃል አደርሳለሁ፣ አንዳንዴ ባዶውን እተወዋለሁ። ከዚያ ዘወር ብለው ለአንድ ሰከንድ ያያሉ።

"ጠርቷል!" አሉ። ጠርቶ ነበር።

"ጠርቷል!" ቁራጯ ውስጥ ነበረች።

"ጠርቷል!" አሁንም ነበረች።

ከአምስት ሙከራ ሦስቱን ሳቱ። በመጨረሻው "ታታልሉኛላችሁ!" ብለው ዘንጉን ከእጄ ነጠቁና ራሳቸው ቁራጯን ስበው አወጧት። እጃቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት።

"ጥፋቱ የዓይንዎ አይደለም" አለ ኤሚል በለሰለሰ ድምፅ። "በአፈሙዙ በኩል የባሕሩ ብርሃን ይገባል፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ብርሃኑን በመዳፍዎ ጋርደው፣ ጨለማውን እስኪለምዱት ይቆዩ።"

አለቃ መዳፋቸውን ጋርደው አዩ። እኔ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። "አለች" አሉ። ደግመን ሞከርን። "የለችም።" አምስቱንም አንድ ሳይስቱ ተናገሩ።

ከዚያ የአረሩ ጋሪ ላይ ተቀመጡ። "ሁለት ዓመት" አሉ በመጨረሻ። "ሁለት ዓመት ሙሉ በግልምጫ ሳጫን ኖሬአለሁ። እኔ ፍጥነት ነው ስል፣ ለካ ዕድል ነበር።"

ኤሚል መዝጊያውን ዘጋ።

"በሉ!" ብለው ብድግ አሉ። "አራት ሰከንድ ከወሰድክብኝ፣ ከሌላ ቦታ አመጣዋለሁ። መድፉ እስኪጠራ አረሩ ለምን ታች ይቆያል? ኤሚል ሲያይ አረሩ ከጎኑ ደርሶ ይጠብቅ፤ ባሩዱ ብቻ ከታች ይቆይ። አረሩን በዘንግ የሚገፉት ዘንገኞችም በግራ በኩል ይቁሙ፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደናቀፈ ነው ጊዜ የሚበላው።" እስከ እራት ድረስ ወለሉን በጠመኔ ሲያሰምሩ ቆዩ። ትምህርት ቤት የሌለው ነገር በሳቸው ራስ ውስጥ ነበር፤ በሳቸው ራስ ውስጥ ያልነበረውን ደግሞ ትምህርት ቤት አምጥቶታል። ሁለቱ ሲገናኙ ማየት ደስ ይላል።

ሰኞ ጠዋት ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ወደ ዒላማው ሄድን። የቀኙ መድፍ አንዴ ተኮሰ፣ ኤሚል "ጠርቷል!" አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው መዝጊያው ተከፈተ፣ አየሩ ነፋ፣ እኔ አራት ቆጠርኩ፤ ኤሚል አልጮኸም። መዳፉን ጋርዶ ቀረ። አምስት፣ ስድስት። ዘንገኞቹ ዘወር ብለው አለቃን አዩ።

"ማንም እንዳይነቃነቅ!" አሉ አለቃ። "ባሩድ እንዳይወጣ! ንፋበት፣ ጨምር!"

ከመዝጊያው አጠገብ ጎንበስ ብዬ ነበርና እኔም አየሁት፤ ከጨለማው መሃል እንደ ሲጋራ ጫፍ የምትቀላ ነገር። አየሩ አንቀሳቀሳት፣ አንከባለላት፣ ከዚያ በአፈሙዙ ወጥታ ወደ ባሕሩ በረረች። አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር። ወጣቱ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ "ጠርቷል!" ብሎ ጮኸ።

የተኮስናቸው ስምንቱም አረሮች ዒላማውን መቱ። ከጎረቤቱ መርከብ ግን በስድስት ሰከንድ ዘገየን፤ አንደኝነቱም ሄደ። አርባውም ሰው በእግሩ ወደ መርከቡ ወለል ወጣ፤ ከታች የመጡት ምን እንዳለፋቸው ሲሰሙ ኤሚልን ወደ ላይ ወርውረው ቀለቡት። እኔም የዚያን ቀን መዝገብ ስጽፍ እንደኮራሁት ያህል በመርከባችን የኮራሁበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከሳምንት በኋላ የአሸናፊው መድፍ ቤት አለቃ ፊኒያስ ሮርክ ሊያሾፍ መጣ። "ኦሪን፣ አርጅተህ ነው ወይስ እንቅልፍ ወስዶህ?"

"ና ግባ" አሉት። መዝጊያውን ከፍተው፣ "ገልመጥ አድርግና ንገረኝ" አሉት።

ሮርክ ገልመጥ አደረገ። "ጠርቷል።"

"እንግዲያው በዘንግ ሳብ።"

ሮርክ የጠቆረችውን ቁራጭ አወጣና ፈገግታው ጠፋ። አለቃም ልክ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያምኑበት ነገር ይመስል ሁሉን ዘረዘሩለት፤ ጋዙ እንደማይታይ፣ ነፋሱ እንደሚመልሰው፣ ጉድጓዱ ክዳን እንደሌለው፣ አራቱ ሰከንድ ከሌላ ቦታ እንደሚገኝ፣ ዛሬ ያልተቃጠለ ተኳሽ የሚቀጥለው ዓመት ፈጣን ተኳሽ እንደሚሆን።

ሮርክ ለረጅም ጊዜ ወደ አፈሙዙ ሲያይ ቆየና ቀስ ብሎ፣ "መዳፍህን እንዴት ነው የምታደርገው?" አለ።

"እሱን እንኳ ኤሚልን ጠይቀው" አሉ አለቃ ቲዝዴል። "እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።"