በወረቀት የተነቀለ ጥርስ

ጥርሴ ይኸው ሙሉ ነው፤ ሁለቱ ግን አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ተነቅለው ነበር። ድዴ እየደማ ቢያስቸግረኝ ከሮቤ በጭነት መኪና አሰላ ሐኪም ቤት ሄድኩ። በሽተኛ የሚቀበለው ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለኝ። «ድዴን» አልኩት። ጫር ጫር አደረገና «ይህን ይዘሽ ቀጣዩ ክፍል ግቢ» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ከእኔ በፊት የገቡት ሴቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ጨብጠው ቀጣዩ ክፍል በር ላይ ተሰልፈዋል። እኔ ግን እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ ነበርና በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ «ሁለት ጥርስ ይነቀል» ይላል።

ተመልሼ ገባሁ። «የሚደማው ድዴ ነው፤ አፌን ሳልከፍት የትኛውን ጥርስ አይተው ነው ይነቀል ያሉት?» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። «ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?» አለኝ። «እችላለሁ። የሌሎቹንም ላነብላቸው ነው» አልኩት። ወንበር ሳበልኝና «በይ ቁጭ በይ፣ አፍሽን ክፈቺ» አለኝ።

«ከከፈትኩትማ ቆየሁ» አልኩት።