መርዶ በአንድ መስመር

(ኪሩቤል በመኪና አደጋ በሞተበት ዕለት ማምሻውን፣ ታላቅ ወንድሙ ውብሸትና የኮምፒውተር ተማሪዋ ታናሽ እህቱ ረድኤት በእሱ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠዋል፤ ጠበል የሄደችው እናታቸው ገና አልሰማችም።)

ውብሸት፦ መርዶ በቴክስት! አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ሰው ምን ይለናል?

ረድኤት፦ ያሻውን ይበል! ለሁለቱ አክስቶቼ ደወልኩ፤ ከዚያ በኋላ «ኪሩ ሞተ» ማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ውብሸት፦ አምጪው፣ እኔ ልደውል።

ረድኤት፦ አንተማ ለአጎታችን ለጋሽ ተድላ ደውለህ ስለ ዝናቡ አውርተህ ዘጋህ።

ውብሸት፦ …እሺ። ይሄ ነገር ምንድነው የሚሠራው?

ረድኤት፦ ይኸውልህ የዘመዱ ሁሉ ስልክ ዝርዝር። መልእክቱን አንዴ ጻፍኩት። ከዚያ በአንድ መስመር ኮድ «በዝርዝሩ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው ላክ» አልኩ። እኔ አንዴ እላለሁ፣ እሱ ለሁሉም ይደግምልኛል።

ውብሸት፦ ማን አስተማረሽ?

ረድኤት፦ ራሱ ኪሩ ነዋ። ባለፈው ለጓደኞቼ መልእክት አንድ በአንድ ስጽፍ አይቶ «ረዱ፣ ዓባይን በጭልፋ ልትጨርሺው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ውብሸት፦ አይ ኪሩ! የኔ ወንድም… ቆይ፣ ቆይ! ለሁሉም? እማስ?

ረድኤት፦ ወይኔ!

ውብሸት፦ ነገ በማለዳ ሽማግሌዎች ሄደው፣ ደግፈው ይዘው ነው የሚያረዷት! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ረዱ!

ረድኤት፦ አልላክሁም፣ አልላክሁም። መጨረሻው ላይ «እማ ካልሆነች» እልበታለሁ። እሷ ጋ ሲደርስ ዘሏት ያልፋል። ይኸው።

ውብሸት፦ ሌላ የሚዘለል ሰው የለም?

ረድኤት፦ የለም።

ውብሸት፦ ደግመሽ እዪ፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ረድኤት፦ የለም አልኩህ እኮ! …በቃ፣ ላክሁት።

ውብሸት፦ ምነው አሁንም ዝርዝሩ ላይ አፈጠጥሽ?

ረድኤት፦ አንድ ስም ነበረ። የራሱ የኪሩ። «ኪሩቤል ካልሆነ» ብዬ መጻፍ አቃተኝ፣ ጋሼ። በእጄ ከቤተሰቡ ላውጣው? ተውኩት። ስልኩ እንደሆነ አብሮት ተሰባብሯል።

ውብሸት፦ አልተሰባበረም።

ረድኤት፦ እ?

ውብሸት፦ የእማ ስልክ ባትሪ አልይዝ ብሎ፣ ጠዋት ጠበል ሲያደርሳት የራሱን ሰጣት። የሷን ላሠራ ብሎ ይዞ ሲመለስ ነው…

ረድኤት፦ አትበለኝ! ጋሼ፣ አትበለኝ!

ውብሸት፦ ስልክሽ እየጠራ ነው። ማነው?

ረድኤት፦ «ኪሩዬ» ይላል።