የካቻቢቴው ክዳን

(አቃቂ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ መገጣጠሚያ ፋብሪካ፤ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሊገባ ነው። የመስመሩ አለቃ ፍሬገነትና የከሰዓት ሠራተኛዋ እናቷ አስካለ፣ የፍጥነት ማዞሪያው ዛሬ በክዳን በተቆለፈ የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ ፊት ቆመዋል።)

አስካለ፦ ክፈቺልኝ አልኩሽ እኮ! ቤት ሽጪልኝ አላልኩሽ፣ አንድ ቁልፍ ማዞር ነው።

ፍሬገነት፦ አልችልም እማዬ። ክዳኑ እንዲደረግ የጠየቅኩት ራሴ ነኝ። ለእናቷ ከፈተች ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

አስካለ፦ ወይ ሹመት! የወለድኳት ልጅ ካቻቢቴ ትቆልፍብኝ?

ፍሬገነት፦ ባንቺ አይደለም። የመስመሩ ልጆች ቶሎ ጨርሰው ለመውጣት ፍጥነቱን እየጨመሩ የብሎኑን ጥርስ ያስበሉታል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ?

አስካለ፦ እና እኔ ቸኩዬ አውቃለሁ?

ፍሬገነት፦ አታውቂም። ታዲያ ምን ቸገረሽ? በልኩ ተስተካክሏል፣ ቁጭ ብለሽ ሥሪ።

አስካለ፦ ልኩ ለማን ነው?

ፍሬገነት፦ እንዴት ለማን?

አስካለ፦ ተይው በቃ። ሂጂ፣ ሰርቪስ ያመልጥሻል።

ፍሬገነት፦ እጅሽን ለምን ትደብቂያለሽ? አሳዪኝ... ኧረ በማርያም! አብጧል እኮ!

አስካለ፦ ብርድ ነው።

ፍሬገነት፦ እስቲ ጣቴን ጨብጪው። ጠበቅ አድርገሽ።

አስካለ፦ ጨበጥኩት እኮ።

ፍሬገነት፦ ይኼ መጨበጥ ነው? እማዬ... ጸጉሬን መሥራት የተውሽው ለዚህ ነው? «አለቃ ሆነሻል፣ ሳሎን ሂጂ» ያልሽኝ?

አስካለ፦ ምን ልበልሽ ታዲያ? በሙሉ ፍጥነቱ ሲሽከረከር አንጓዬን ይጠመዝዘኛል። ቀነስ ሳደርገው ይታዘዘኛል። ብነግርሽ ቤት ታስቀምጪኛለሽ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ሰው የሆንኩት እዚህ ነው፤ ቤት ከዋልኩ ግድግዳው ይበላኛል።

ፍሬገነት፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስትዪ አልነበር? ምን ያህል ነው የምትቀንሺው?

አስካለ፦ ግማሽ ያህል። ሲብስብኝ ከዚያም በታች። ብሎኑ ግን ይገባል!

ፍሬገነት፦ መግባቱንማ ይገባል። አይጠብቅም።

አስካለ፦ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?

ፍሬገነት፦ ከዚህ ጠረጴዛ የወጣ አንድ ምድጃ ተመልሷል። የውስጡ ብሎን ላልቶ፣ ሽቦው ወልቆ ሴትዮዋን ነዝሯታል። እኔ ደግሞ በልጆቹ አሳብቤ ክዳን አስደረግኩ...

አስካለ፦ ሞተች?

ፍሬገነት፦ ተርፋለች። ሆስፒታል ናት።

አስካለ፦ ልጆች አሏት?

ፍሬገነት፦ እማዬ፣ ተይ።

አስካለ፦ አሏት ወይ ነው የምልሽ!

ፍሬገነት፦ አሏት... አታልቅሺ በናትሽ፣ እንባሽን አልችለውም። ይኸው ቁልፉ፣ እከፍትልሻለሁ። አንቺ ግጠሚ፣ እኔ ከኋላሽ ሆኜ አንድ በአንድ አጠብቀዋለሁ። ማንም አያውቅም።

አስካለ፦ ቁልፉን ኪስሽ ክተቺው፣ አለቃዬ። ለወንበሬም ሌላ ሰው ፈልጊ።